ወደ አረንጓዴ ያደላል

እኔ ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍልን ከጨረስሁ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝሁት «ክፍል 14 ተጠርጓል፣ አንድ ፎጣ ጎድሏል» ለማለት ብቻ ነው። ይህን ገጽ የሚያዘጋጁት ሰው ግን እኛ ሆቴል ቁርስ ይበላሉ። አንድ ቀን ቁርስ ቤት ሳግዝ ስለዚያ ስለ ረቡዕ ነገር ጠየቁኝና ጠረጴዛውን እየወለወልሁ፣ ዓይናቸውን ሳላይ ነገርኋቸው። ጠረጴዛው ሦስት ጊዜ ተወለወለ። «እንደ ነገርሽኝ አድርገሽ ጻፊው፤ የተጣመመውን እኔ አቃናዋለሁ» አሉኝ። ስለዚህ የተጣመመ ነገር ካገኛችሁ ጥፋቱ የእሳቸው ነው።

እሺ፣ ልጀምር። ኢንተርኔት የሚጠፋው መብራት ሲሄድ ይመስላችኋል። ወይም ዝናብ ሲመጣ። ተሳስታችኋል። በእኛ ከተማ ኢንተርኔት የሚያጠፋው ጨዋነት ነው።

አትቆጡኝ፤ እስኪ እናንተው ፍረዱ። ባሕር ዳር ውስጥ እግሩ የተሰበረ ሰው አግኝታችሁ «እንዴት ነህ?» ብትሉት ምን ይላችኋል? «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» እግርህስ? «እሱ ያልፋል።» ቤቱ ቢቃጠል እንኳ «ግድግዳው ተርፏል፣ ክብሩ ይስፋ» ነው የሚላችሁ። በተለይ ደግሞ ሰውዬው እንግዳ ከሆነ፣ ደክሞ ከሆነ፣ እኛን ሊረዳ መጥቶ ከሆነ… እንዲህ ላለ ሰው «አልሆነም» ማለት ፊቱ ላይ በር መዝጋት ይመስለናል። ይህ ጠባይ ለሰው ጥሩ ነው። ለኮምፒውተር ግን መርዝ ነው።

ከእኔ ላስጀምራችሁ። ሆቴላችን ሐይቁ ዳር ናት፤ ስሟን አልጠራም፣ እንጀራዬ ናት። ሥራዬ መኝታ ክፍል ማጽዳት ነው። ያን ጊዜ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጃችን እትዬ አስካለ አስጠሩኝ።

«ትርንጎ፣ እጅሽን ወድጄዋለሁ» አሉ። «አንሶላ ስትዘረጊ የማለዳ ሐይቅ ይመስላል። አፍሽን ግን እስካሁን አላየሁትም።»

ዝም አልሁ።

«ይኸው አሁንም። ክፍል ዘጠኝ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ሦስት ቀን ሙሉ እያየሽ ባልዲ እያስቀመጥሽ ወጣሽ። እንግዳው በአራተኛው ቀን የወጣው በእግሩ አይደለም፣ በዋና ነው፤ ታንኳ ብቻ ነው የቀረው።»

እውነታቸውን ነው። ለመናገር ሦስቱንም ቀን እስከ ቢሯቸው በር ድረስ ሄጃለሁ። በሩን አይቼ ተመለስሁ።

«በሆቴል የማይናገር ሠራተኛ አይሆንም» አሉ። «እስከ አርብ አይሻለሁ። ወይ ትናገሪያለሽ፣ ወይ በሰላም እንለያያለን።»

ሰባታሚት የሚባለው ሰፈር ከታናሽ እህቴ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖር። እሷ ዘጠነኛ ክፍል ናት። እኔ ያቆምሁትን እሷ እንድትጨርስልኝ ነው ሐሳቤ፤ እኔ ሥራ ካቆምሁ ግን እሷም ታቆማለች። ይህን እያሰብሁ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ መውረጃዬን አልፌ ሁለት ፌርማታ ሄድሁ። «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ።

እና ረቡዕ መጣ።

ረቡዕ ጠዋት ናትናኤል የሚባል ወጣት ኢንጂነር ከአዲስ አበባ መጣ። «ስዊች ሊቀይር ነው» ሲባል የመብራት ማብሪያው መስሎኝ፣ እንግዳ ቆሻሻ እንዳያይብን ብዬ የፎቁን ማብሪያ ሁሉ ወለወልሁለት። ለካ ስዊች የሚባለው ሌላ ነው። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ አሮጌ ፍራሽ ከምንከምርበት ጎን፣ የሆቴሉ ገመድ ሁሉ የሚሰበሰብባት የብረት ሳጥን አለች። ከየክፍሉ፣ ከወጥ ቤቱ፣ ከካሸሩ የሚመጣው ገመድ እዚያች ላይ ይሰካና፣ ከእሷ ደግሞ አንድ ወፍራም ገመድ ወደ ላይ፣ ዋናው ኮምፒውተርና ኢንተርኔቱ ወዳሉበት ወደ እትዬ አስካለ ቢሮ ይወጣል። ያቺ ሳጥን አርጅታ ነበርና በአዲስ ልትለወጥ ነው።

ኢንጂነሩ ለእትዬ አስካለ ሲያስረዳ ፎጣ ታቅፌ ቆሜ ሰማሁ።

«በአንዱ ገመድ ውስጥ ሦስት መንገድ ነው የምናስኬደው። ቪላን ይባላል። እንግዶች በአንዱ፣ ሒሳብና የወጥ ቤት ትእዛዝ በሌላው፣ ካሜራ በሦስተኛው። አንዱ ሌላውን አያይም።»

«ሦስት ገመድ ነው?»

«አይ፣ ገመዱ አንድ ነው።»

«ሦስት ነው ያልህ መሰለኝ።»

«ሦስትም ነው፣ አንድም ነው።»

እትዬ አስካለ አማተቡ። «ይህንስ ለቄስ ተወው» አሉ።

ኢንጂነሩ ሳቀና «አንድ ሰው ብቻ ስጡኝ» አለ። «እኔ ከዚህ ገመድ ስቀይር፣ ስልክ ይዞ ከክፍል ክፍል እየሄደ ሠራ ወይም አልሠራም የሚለኝ።»

እትዬ አስካለ ፎጣውን አዩት። ከፎጣው በላይ እኔን አዩኝ።

«ትርንጎ ትሂድ» አሉ። «ሁለት ቃል ናት። ሠራ፣ አልሠራም። እነሱንም ካቃታት…» አልጨረሱትም። እኔ ግን ጨረስሁት፤ አርብ ነው የሚያልቀው።

መጀመሪያ የላከኝ ወደ ካሸራችን ወደ ጋሽ ሙላት ነው። ጋሽ ሙላት ሰው ሲያስነጥስ ከመቀመጫቸው የሚነሱ ሰው ናቸው። ሥራ በጀመርሁበት ሳምንት መውጫው ጠፍቶኝ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ያገኙኝ እሳቸው ናቸው፤ «እኔም እዚህ ቤት አንዴ ጠፍቶብኛል» አሉኝ፣ ሃያ ዓመት የሠሩበትን ቤት።

«ጋሽ ሙላት፣ ሠራ ወይ ይላል» አልሁ።

ኮምፒውተራቸው ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትዞራለች። ጅራቷን እንደምታሳድድ ድመት ትዞራለች፣ ትዞራለች። አብረን አየናት።

«ልጁ ከአዲስ አበባ ድረስ ነው አሉ የመጣ?» አሉ።

«አዎ።»

«ቁርስ በልቷል?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ቁርስ ላልበላ ሰው አልሠራም ይባላል? ነውር ነው። ይኸው ትዞራለች አይደል? የምትዞር ነገር መድረሷ አይቀርም። ደህና ነው በይው።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አደረግሁ። «ደህና ነው ይላሉ።»

«ቆንጆ» አለ ኢንጂነሩ። ሲጽፍ እስክሪብቶው ሲጫር ሰማሁ።

ቀጥሎ ወጥ ቤት ሄድሁ። የወጥ ቤቱ አለቃ አያ ቢራራ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አያ ቢራራን ተቀምጠው ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እኛ ዘንድ አስተናጋጆቹ ትእዛዝ የሚቀበሉት በረንዳ ላይ ባለች ማሽን ነው። እነሱ ሲነኳት ወጥ ቤት ውስጥ ካለችው ሌላ ማሽን ወረቀት ተስቦ ይወጣል። ማሽኖቹ ከገቡ ወዲህ እትዬ አስካለ «ማንም ወጥ ቤት ገብቶ እንዳይጮህ» ብለው ከልክለዋል።

«አያ ቢራራ፣ ማሽኗ ትሠራለች ወይ ይላል።»

«ምን አጥፍታ? ዝም ብላ ተቀምጣለች።»

«ትእዛዝ ይመጣል ወይ ነው።»

«የምን ትእዛዝ? እግዜር ይስጠው ዛሬ ሰላም ነው። እንዲህ ያለ ረቡዕ አይቼ አላውቅም። ምንም አልጎደለብንም በይው።» ትንሽ አሰቡ። «ዓሣ ይበላል ወይ ብለሽም ጠይቂልኝ።»

«ኢንጂነር፣ ምንም አልጎደለም ይላሉ። ዓሣ ይበላሉ ወይ ይላሉ።»

«ምን?»

«ዓሣ።»

«አ… እበላለሁ። ወጥ ቤት ምንም አልጎደለም። ቆንጆ።»

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት የሰው ቃል ነው። የራሴ ኃጢአት የሚጀምረው ክፍል 21 ነው።

«ኮርኒሱ ላይ ሰሐን የምትመስል ነጭ ነገር አለች» አለኝ ኢንጂነሩ በስልክ። «የእንግዶቹ ዋይፋይ ናት። መብራቷን እዪልኝ። አረንጓዴ ነው አይደል?»

ቀና ብዬ አየሁ። ቀይ ነበረች። እንዲህ ያለ ቀይ በመስከረም የበርበሬ ገበያ ብቻ ነው ያየሁ። ሁለት ቃል ናት ብለውኛል፤ አልሠራም። ከምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን «አረንጓዴ ነው አይደል?» ሲል ድምፁ ውስጥ ያለውን ተስፋ ብትሰሙት… እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አትዋሹ፤ ለእኔ ማን ይዋሻል።

«ወደ አረንጓዴ ያደላል» አልሁ።

«ያደላል ማለት?»

«ትንሽ ጊዜ ቢሰጠው።»

«ቆንጆ» አለ። ይህኛው «ቆንጆ» ግን እንደ መጀመሪያዎቹ አልነበረም፤ እሱም ወደ ሌላ ያደላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ገምቱት። ሁሉም ጋ ደህና ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ኢንጂነሩም አሮጌዋን ሳጥን ፈትቶ በካርቶን አሸጋት። አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ከጎርጎራ የተነሳው ጀልባ ደረሰና ሠላሳ የሚሆኑ እንግዶች በረንዳችን ላይ ተደረደሩ። የሐይቅ ነፋስ ያስርባል። ቀኑ ረቡዕ ነውና ሁሉም ዓሣ አዘዙ፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው። አስተናጋጆቹ በረንዳ ላይ ያለችውን ማሽን ነኳት። ማሽኗ «ትእዛዝዎ ተልኳል» አለች። እሷም የእኛን ጠባይ ለምዳለች መሰለኝ፤ የላከችው ነገር አልነበረም።

አንድ ሰዓት አለፈ። እንግዶቹ ጨዋ ናቸው፤ «አይዟችሁ፣ አንቸኩልም፣ ሐይቁን እያየን ነው» ይላሉ። አያ ቢራራ ወጥ ቤት ውስጥ ስለ ሰላሙ ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ። ጋሽ ሙላት ደረሰኝ የሚጠይቃቸውን ሁሉ «ይደርሳል» እያሉ ያስቀምጣሉ። ፎቅ ላይ ያሉት እንግዶች ስልካቸውን ወደ ኮርኒሱ ያነሳሉ፣ ወደ መስኮቱ ይወስዳሉ። «ተገናኝቷል ይላል፤ የሚከፍተው ግን የለም።» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ኢንጂነሩ ከደረጃው ሥር ሆኖ አለቃው ጋ ሲደውል፣ ፍራሾቹን የማቀና መስዬ ቆሜ ነበር።

«ሁሉም ጋ ይሠራል ተብያለሁ… አዎ፣ አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ… ራሳቸው ናቸው ያሉት። ስለዚህ ችግሩ ከዚህ አይደለም፤ ከዋናው መስመር መሆን አለበት… እሺ፣ እንደገና አጠፋዋለሁ።»

አጠፋው። አበራው። ሌላ ሌላውን ነካካ። ደህና የነበረውን እየፈታ መረመረው፤ የታመመውን ደህና ነው ብለነዋልና አልነካውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ የደበቅነው ደግሞ የራሳችንን በሽታ ከራሳችን ሐኪም ነው።

ላብ ሲያሰጥመው ደግሞ ይባስ አዘንንለት። ጋሽ ሙላት ከመስኮታቸው መጥተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «በጭራሽ እንዳትጨነቅ፣ ልጄ። ድሮም በእጅ ነበር የምንጽፍ። ጤና ካለ ሁሉም ይደርሳል።»

«ግን እርስዎ ጋ ይሠራል አይደል?»

«እኔ ጋ? እኔ ጋ ምን ችግር አለ።»

አያ ቢራራም የተጠበሰ ዓሣ በሰሐን ይዘው መጡ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ከወጥ ቤታችን የወጣው ብቸኛው ዓሣ ያ ነበር። ኢንጂነሩ ገመድ በብብቱ ይዞ፣ በሌላው እጁ ስልክ ይዞ ስለነበር አያ ቢራራ አጎረሱት። አንዴ። ሁለተኛ። «በሞቴ» ብለው ሦስተኛ። አፉ ሞልቶ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከሚጥሚጣው ይሁን ከቪላኑ አላወቅሁም።

በዚህ ጊዜ ነው እትዬ አስካለ ከላይ የወረዱ። ሲወርዱ የጫማቸው ድምፅ ከደረጃው ሥር ላለ ሰው እንደ ነጎድጓድ ነው።

«በረንዳ ላይ ሠላሳ ሰው ጦሙን ተቀምጧል» አሉ። «የሚሠራው የትኛው ነው፣ የማይሠራውስ የትኛው ነው?»

ኢንጂነሩ ጉርሻውን ዋጠና ወረቀቱን አወጣ። «እንደተነገረኝ ሁሉም ይሠራል። ካሸር፣ ደህና ነው። ወጥ ቤት፣ ምንም አልጎደለም። ክፍል 21…» እዚህ ላይ ድምፁ ዝቅ አለ። «ክፍል 21፣ ወደ አረንጓዴ ያደላል።»

«ወደ ምን?»

«ያደላል።»

«ይህን ማን ነው ያለህ?»

ማንም ስሜን አልጠራም። ግን ሰው ሁሉ ሲዞር የቆምሁበት ቦታ ሞቀ።

እትዬ አስካለ አጠገቤ ድረስ መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ትርንጎ፣ ሁለት ቃል ናት ብዬሻለሁ። ሠራ ወይስ አልሠራም?»

ጋሽ ሙላትን አየኋቸው። አልሠራም ካልሁ እሳቸውን በሰው ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው፤ መውጫው ሲጠፋኝ «እኔም ጠፍቶብኛል» ያሉኝን ሰው። ሠራ ካልሁ፣ ወይም እንደ ልማዴ ዝም ካልሁ፣ አርብ ከዚህ ቤት ወጣሁ፤ እህቴም ከትምህርቷ ወጣች። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እንጀራም አይገባበትም።

«አልሠራም» አልሁ።

«አልሰማሁም።»

«አልሠራም። ጋሽ ሙላት ጋ ክቧ ትዞራለች እንጂ አትደርስም። አያ ቢራራ ጋ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ወረቀት አልወጣችም። ክፍል 21 መብራቷ ቀይ ናት። ወደ የትም አታደላም። ያደላል ያልሁ እኔ ነኝ።»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ ትንፋሼ አለቀ። አያ ቢራራ የዓሣውን ሰሐን ወደ ጀርባቸው ደበቁት። ጋሽ ሙላት መሬት መሬት አዩ። መሬቱን የወለወልሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ቢያንስ ንጹሕ ነበር።

ኢንጂነሩ ግን… እንዴት ልንገራችሁ። የሞተበት ዘመዱ ተነስቶ የመጣ ነው የሚመስል።

«አልሠራም?» አለ። «ሦስቱም ጋ?»

«ሦስቱም ጋ።»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለ። ደግሞ ቀጠለና «ካሜራውስ?» አለኝ።

«ካሜራው ይሠራል። እትዬ ቢሮ ስክሪኑን ሳጸዳ አይቻለሁ። በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ጥርት ብለው ይታያሉ። ሲያዛጉ እንኳ ይታያል።»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «አንዱ መንገድ ያልፋል፣ ሁለቱ አያልፉም። ወደ ላይ በሚወጣው ወፍራሙ ገመድ ላይ በር የከፈትኩት ለካሜራው ብቻ ነው። ሁለቱን ረስቻቸዋለሁ።»

«ገመዱ አንድ ነው አላልህም?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አንድ ነው። ግን አዲሱ ስዊች ላይ ለእያንዳንዱ ቪላን ለየብቻው ይለፍ ካልተባለ…»

«አልገባኝም።»

አንዴ ከተከፈተ አፍ ማን ይመልሰው፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «እትዬ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ነው» አልሁ። «ጣሪያው አንድ ነው። ወንዶች በሰሜን በር ይገባሉ፣ ሴቶች በደቡብ፣ ካህናቱ በምዕራብ። ዛሬ የካህናቱ በር ብቻ ተከፍቶ፣ ወንዱም ሴቱም ግቢ ውስጥ ቆሟል።»

እትዬ አስካለ ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። «አንተ ለምን እንዲህ አላልህም?»

«እኔ የተማርኩበት ቦታ እንዲህ ብሎ የሚያስረዳ አልነበረም» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሻይ ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥቂት ጻፈ፤ «አሁን» አለ። የጋሽ ሙላት ክብ ቆመች። ክፍል 21 ሮጬ ወጣሁ፤ አረንጓዴ። ያላደላ፣ የራሱ የሆነ አረንጓዴ። «ሠራ» አልሁ በስልክ። ደስ ስላለኝ ሳልጠየቅ ደገምሁት።

ወጥ ቤት ውስጥ ግን ማሽኗ ከእንቅልፏ ነቃች። ከጠዋት ጀምሮ የታዘዘውን በሙሉ የበረንዳዋ ማሽን ይዛው ኖሯል። ዓሣ ጥብስ። ዓሣ ጥብስ። ዓሣ ጉላሽ። ዓሣ ጥብስ፣ ቃሪያ ይብዛ። አንዳንዱ አስተናጋጅ ደጋግሞ ነክቷት ነበርና አንዱ ትእዛዝ ሦስት አራት ጊዜ ይወጣል። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ወረደ፣ ወለሉ ላይ ተጠማዘዘ፣ የአራስ መቀነት አክሎ ወደ በሩ ሄደ። አያ ቢራራ ጫፉን ይዘው ቆመው ቀሩ።

«ይህ ሁሉ ሰው እስካሁን የት ነበር?»

«በረንዳ ላይ» አልሁ።

«ምን ሲሠራ?»

«ሐይቁን ሲያይ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓሣ አላወራም። እንግዶቹ በሉ፤ በትርፍ የታተመውንም አያ ቢራራ ማን ነው ያዘዘ ሳይሉ ጠብሰውት ስለነበር ሠራተኛው በላ፣ ዘበኛው በላ፣ የጎርጎራው ጀልባ ነጂ ለመንገዱ በፌስታል ያዘ። ሁለት ሰዓት የጠበቁ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ሲታጠቡ እትዬ አስካለ ይቅርታ ሊጠይቁ ቀረቡ። «ኧረ ምን በወጣችሁ» አሉ ሽማግሌው። «እንዲያውም በጣም ፈጥኖ ነው የደረሰልን።»

ጋሽ ሙላት ጋ ሄጄ «ይቅር ይበሉኝ፣ በሰው ፊት አሳፈርሁዎት» አልሁ። «የምን ማሳፈር» አሉ ፈገግ ብለው፣ «ደህና ነኝ።» እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ቃል ስሰማ ቀና ብዬ ነው የማይ፤ አየኋቸው፣ ቀይ ነበሩ። ሐሙስን ሙሉ ሰላምታዬን በግማሽ ነው የመለሱልኝ። አርብ ጠዋት ነው ራሳቸው ፎጣ የማጥፍበት ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ትናንት ተቀይሜሽ ነበር። ዛሬ ለቆኛል» ያሉኝ። ጋሽ ሙላት ተቀየምሁ ብለው ሲናገሩ የሰማሁ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከእቅፍ ይልቅ አሞቀኝ።

ያው አርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ቢሮ ተጠራሁ። በሩን አይቼ አልተመለስሁም፤ አንኳኳሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ነበር። እስክሪብቷቸውን አነሱና እያየሁ ፈረሙበት።

«ቋሚ ነሽ» አሉ። «ሁላችንም እየተሞዳሞድን ያንን ልጅ ልንገድለው ነበር። እውነት የሚናገር አንድ ሰው ለዚህ ቤት ያስፈልጋል። አሁን ተቀመጪና ሳትፈሪ ንገሪኝ፤ እዚህ ሆቴል የማይሠራ ሌላ ምን አለ?»

ተቀመጥሁ። ሳልፈራ ነገርኋቸው። የሁለተኛው ፎቅ ትራሶች እንደ ድንጋይ መጠጠራቸውን ነገርኋቸው። የጀልባ መውረጃው ሦስተኛ እንጨት እንደሚንሸራተት። ክፍል አሥራ ሁለት የሐይቅ እይታ አለው ተብሎ ቢከራይም፣ ሐይቁ የሚታየው ወንበር ላይ ለቆመ ሰው መሆኑን። የቁርሱ ማር ውሃ እንደሚነካው። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ካልሲ እንደሚበላ፣ የበላቸውንም በፌስታል ሰብስቤ እንዳስቀመጥኋቸው። እሳቸው በስልክ ሲነጋገሩ ድምፃቸው ክፍል ስምንት ድረስ እንደሚሰማ፣ የክፍል ስምንት እንግዶችም የእሳቸውን አማት ጉዳይ ከእኛ በላይ እንደሚያውቁት። ገና የምድር ቤቱን አልጀመርሁም ነበር…

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ። የፈረሙበትን ወረቀት አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ እንደገና ወረቀቱን አዩት።

«ልጄ» አሉ፣ «ይህን ሁሉ ከመፈረሜ በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»